ሰኞ ሰኞ የምትግለው መኪናችን

መኪና ከየት እንደመጣ ለማወቅ ታርጋውን አላይም፤ ጭቃውን ነው የማየው። ከደብረ ታቦር የወረደ ከሆነ የጎማው ጥርስ ውስጥ ቀይ አፈር ይዟል። ከፎገራ ሜዳ ውስጥ፣ ከሩዝ ማሳው የወጣ ከሆነ ጥቁር ዋልካ እስከ በሩ ድረስ ተለጥፎበታል። አቧራ ብቻ ያለበት አስፋልት ለአስፋልት የመጣ ነው፤ እሱ ብዙ ወሬ የለውም።

ቤታችን ወረታ ነው፤ የደብረ ታቦሩ መንገድ ከጎንደሩ መንገድ ከሚገነጠልበት ትንሽ ገባ ብሎ። ደጃፋችን ላይ ያለው ድንጋይ ላይ ቁጭ ካልኩ የሚያልፍ የሚያገድመውን ሁሉ አያለሁ። አሥረኛ ክፍል ነኝ። የሒሳብ ደብተሬ ከፊት ሒሳብ ነው፤ ከኋላ ገልብጣችሁ ብትከፍቱት ግን መኪና ነው። የትኛው ዳገት ላይ እንዴት እንደጮኸ፣ የትኛው ሹፌር ማርሽ ሲቀይር መኪናውን እንደሚያስነጥሳት፣ የትኛው የጭነት መኪና ከኋላው ምን እንደጻፈ፣ ሁሉም አለ። እማየ አንድ ቀን አገላብጣ አየችውና «የሚያጭሽ ሰው ሲመጣም ጎማውን አይተሽ ነው መሰል የምትመርጭው» አለችኝ። እኔም በልቤ፣ እሱስ ቢሆን ምን ክፋት አለው አልኩ። ጎማ ያለፈበትን አይደብቅም።

የራሴ ሐሳብም አለኝ። ነጭ መኪና አልወድም፤ መንገዱ ሁሉ ነጭ ሆኖ አንዱን ካንዱ መለየት አቅቶናል። መስታወቱን ያጠቆረ ሰው ምን እንደሚደብቅ ሁልጊዜ ማወቅ እፈልጋለሁ። ባጃጅን ደግሞ ለረጅም ጊዜ ከመኪና አልቆጥራትም ነበር፤ ሦስት እግር ያላት በርጩማ ናት እል ነበር። ክረምት ላይ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ባሕር ሲሆን፣ ትልልቆቹ መኪኖች ተሰልፈው በቆሙበት፣ አንዲት ባጃጅ ነፍሰ ጡር ይዛ በውሃው ጠርዝ ጠርዝ ስታልፍ አየሁ። የዚያን ዕለት ደብተሬ ላይ «ባጃጅ መኪና ናት» ብዬ አስተካከልኩ።

ስለ ክላክስም አንድ ነገር ደርሼበታለሁ። በክረምት ደረቅ መሬት ሲጠፋ ከብቱ አስፋልቱ ላይ ወጥቶ ይተኛል። ሹፌሩ ክላክሱን ቢያንባርቀው ላሟ ታመሰኳለች እንጅ አትነሳም። አባየ ግን ሞተሩን አጥፍቶ በሩን ብቻ ይከፍታል። ያኔ ትነሳለች። ለምን እንደሆነ ብዙ አሰብኩበት። የበሩን ድምፅ ስትሰማ ሰው ዱላ ይዞ ሊወርድ ነው ብላ ይመስለኛል። ክላክስ ግን መትቷት አያውቅም።

የአባየ መኪና በዕድሜ ከኔ የምትበልጥ ፒክአፕ ናት። ሰማያዊ ናት፤ የግራ በሯ ብቻ ከሌላ መኪና የመጣ ስለሆነ አረንጓዴ ነው። ሩዝ ከገበሬው ወደ መፈልፈያው፣ የተፈለፈለውን ደግሞ ወደ ደብረ ታቦር ታመላልሳለች። የምንኖረው በሷ ነው። የኔ ድርሻ እሷን ማጠብ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሰንበት ሳይገባ። መፈልፈያው ግቢ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሩዝ እብቅ፣ ያ ከፍሬው ላይ የሚላጠው ቀላል ልብሱ፣ እንደ ጉም ይበናል። የመኪናችን ፊት ሁሌ እብቅ በእብቅ ነው። ሌሎቹ ሹፌሮች በጨርቅ መታ መታ አድርገው ይሄዳሉ። እኔ ግን ፊት ለፊቷ ቆሜ፣ የቱቦውን አፍ በአውራ ጣቴ ጠበብ አድርጌ፣ ውሃውን በፍርግርጉ በኩል እለቅባታለሁ። እብቁ ጠፍቶ ራዲያተሩ ብቅ ሲልና ሲያብረቀርቅ ደስ ይለኛል።

«ሙሽራ ልትድሪ ነው?» ይሉኛል ሹፌሮቹ።

«እናንተ ፊታችሁን ታጥባችሁ አይደል የወጣችሁ?» እላቸዋለሁ።

ጥር ላይ፣ የሩዙ ሥራ በጦፈበት ሰሞን፣ መኪናችን መጋል ጀመረች። ወደ አለም በር የሚያወጣውን ዳገት ስትጀምር የሙቀቷ ቀስት ቀዩን ትነካለች። አባየ ይቆማል፤ ኮፈኗን ይከፍታል፤ እስክትበርድ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። አንድ የሚያውቀው ሹፌር በአጠገቡ ሲያልፍ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ወንዛዬ ድረስ ምን ያስኬደናል፣ ፍል ውሃው ካንተ ኮፈን ሥር እያለ» አለው። አባየ ይኸን ሲነግረን እየሳቀ ነበር፤ ዓይኑ ግን አልሳቀም።

መኪናችንን የሚሠሩት ከአባየ ጋር አብረው ያደጉ መካኒክ ናቸው፤ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። የራዲያተሩን ክዳን ቀየሩ፤ ቺንጋውን ቀየሩ፤ ውሃውን ቀየሩ። ጎንበስ ብለው ራዲያተሩን አዩና «ፊቷማ ከኔ ፊት ይጠራል» አሉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ኮራሁ። መጨረሻ ላይ ኮፈኑን ዘግተው፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «እንግዲህ ጋርኒሲዮን ሳይሆን አይቀርም» አሉ። ጋርኒሲዮን በሞተሩ የላይና የታች ክፍል መካከል የሚገባ ስስ ነገር ነው፤ እሱን ለማየት ሞተሩ መከፈት አለበት።

«ተከፍታስ?» አለ አባየ።

«ከዚያማ እናያለን።»

«እናያለን ሁለት መኪና ላለው ሰው ነው። እኔ ያለችኝ ይች ናት።»

እራት ላይ ቁርጡን ነገረን። «ሞተር አንዴ ከተከፈተ እንደ ድሮው አይሆንም። ሳትወድቅ ብትሄድ ይሻላል» አለ። ይፋግ የሚኖሩ አንድ የከብት ነጋዴ መታመሟን እያወቁ ሊወስዷት ተስማምተዋል፤ ሰኞ ጠዋት ይመጣሉ። እማየ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሠራ ስትጠይቀው «የሰው መኪና እነዳለሁ» ብቻ አለ። አባየ የሰው መኪና ሲነዳ አይቼው አላውቅም። እንጀራውን ግማሽ ላይ ተወው።

እኔን ግን ከማዘኔ እኩል አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበር። መጋል ከጀመረችበት ቀን አንስቶ አባየ ሲመለስ «ዛሬ ቀስቷ የት ደረሰች?» እለዋለሁ። እሱም ስለ ታመመ ዘመድ እንደተጠየቀ ሁሉ፣ ቢደክመውም ይነግረኛል። ጽፌዋለሁ። ሰኞ፦ ቀይ፣ ሁለት ጊዜ ቆመ። ረቡዕ፦ ቀይ ልትነካ ትንሽ ቀራት። ዓርብ፦ ከግማሽ ጥቂት ከፍ። የሚቀጥለው ሰኞ፦ ቀይ። ሦስት ሳምንት እንዲሁ። ጭነቱ ያው፣ ዳገቱ ያው፣ ሹፌሩ ያው።

ደብተሬን ይዤ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ።

«ሰኞ ሰኞ ነው የምትግለው» አልኳቸው።

«እንደኔ ናታ። እሑድ ጠላ ቤት ትውላለች፣ ሰኞ ራሷን ያማታል።»

«ጋሼ፣ የምሬን ነው። የተቃጠለ ጋርኒሲዮን ዓርብ ዓርብ ይሻለዋል?»

ሳቃቸውን አቆሙ። ደብተሩን ተቀብለው ከላይ እስከ ታች አዩት። «አይሻለውም» አሉ። «ታዲያ ሌላ ምን ይሆናል?»

ደብተሬን ተቀብዬ ወጣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት እማየ የጓሮውን ቤት ግድግዳ ልትመርግ ነበርና ጭቃውን እንድረግጥላት ጠራችኝ። እኛ አገር ዋልካ ብቻውን አይመረግም፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እብቅ ይነሰነስበታል፣ ውሃ ይጨመርበታል፣ ይረገጣል። እስከ ቁርጭምጭሚቴ ገብቼ እየረገጥኩ እንደ ልማዴ መጠየቅ ጀመርኩ።

«እብቁ ምን ያደርግለታል?»

«ያያይዘዋል።»

«ሲደርቅስ?»

«ሲደርቅማ ነፋስ አያሳልፍም። ለዚያ አይደል የምንለፋ? በይ ርገጭ፣ አፍሽ ብቻ ነው የሚሠራው።»

ረገጥኩ። ነገሩ ያን ጊዜ አልገባኝም።

ከሰዓት አባየ «ለሰውየው እንድታምር ደህና አድርገሽ እጠቢያት» አለኝ። ቱቦውን ይዤ ፊት ለፊቷ ቆምኩ። የመጨረሻ እጥበቷ ነው ብዬ ወዲያው መጀመር አልቻልኩም፤ ጎንበስ ብዬ በፍርግርጉ ወደ ውስጥ አየሁ። የሳምንቱ እብቅ ተከምሯል። እብቁ ላይ የመንገዱ የዋልካ አቧራ ተነስንሷል። እጄ ውስጥ ውሃው እየፈሰሰ ነው። ወደ እግሬ ሳይ፣ ጠዋት የረገጥኩት ጭቃ ጥፍሬ ሥር ደርቆ ነጭ ሆኗል።

እብቅ፣ ዋልካ፣ ውሃ። ቅዳሜ እመርጋታለሁ፤ እሑድ ቆማ ትደርቃለች፤ ሰኞ ነፋስ አያሳልፍም። ከዚያ በኋላ የገጠሩ ኮረኮንች እያንገጫገጨ ጥቂት ጥቂት ያራግፍላታል። ዓርብ ሻል ሲላት እኔ ደግሞ ቅዳሜ ቱቦዬን ይዤ እደርሳለሁ።

ውሃውን ዘጋሁ። የላይ የላዩን እብቅ በጨርቅ አራገፍኩና የእማየን ስልክ አምጥቼ ባትሪውን አበራሁ። ስልኩን ከራዲያተሩ ጀርባ፣ በሞተሩ በኩል አስገብቼ ከፊት ዞሬ አየሁ። ጤነኛ ራዲያተር እንደ ወንፊት ነው፤ ብርሃን ያሳልፋል። የኛ ላይ አራት አምስት ነጥብ ብቻ በራ፤ ሌላው ጨለማ ነው። ያ ሁሉ ማብረቅረቅ ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ስለገፋሁት የመጣ ነበር።

ቱቦውን ጠቅልዬ አስቀመጥኩ። ጥፋቱ የሞተሩ ከሆነ ትሸጣለች። የኔ ከሆነ ትተርፋለች፤ አባየ ግን ሁለተኛ እንድነካት ላይፈቅድልኝ ይችላል። ወደ ቤት ገባሁ።

«አባየ፣ መኪናዋን የማግላት እኔ ነኝ።»

ጫማውን እየፈታ ነበር። «ምን አድርገሻት?»

«አጥቤያት።»

ተከትሎኝ ወጣ። ስልኩን እንደገና አበራሁለት። ጎንበስ ብሎ ለረጅም ጊዜ አየ። አልተቆጣም። ቀና ብሎ ጋሼ ዘንድ ደወለ።

ጋሼ መጥተው ራዲያተሩን ፈትተው ድንጋይ ላይ አጋደሙት። «በይ አሁን ከጀርባው ልቀቂበት» አሉኝ። መጀመሪያ ምንም አልወጣም። ቀጥሎ ጥቁር ነገር እንደ ገንፎ ተዘረገፈ፤ አላቆመም። እማየ በሩ ላይ ቆማ ስታይ ቆየችና «ይኸ እያለ ነው ጠዋት ያን ሁሉ ያስረገጥኩሽ? ለግድግዳዬ ይበቃኝ አልነበረም?» አለች። ጋሼ መፍቻቸውን አስቀምጠው «ይኸን ያህል ዘመን ሠርቼ ፊቷን አይቼ ተታለልኩ» አሉ።

«ፊት አይቶ ያልተታለለ ማን አለ» አለ አባየ።

ገጥመው ሲጨርሱ ፀሐይ ልትጠልቅ ሆነ። እኛ ቤት እሑድ መኪና አይነሳም። ስለዚህ ዳነች አልዳነች ሳናውቅ አንድ ሙሉ ቀን ዋልን። ቅዳሴ ላይ ቆሜ የማስበው ስለዚያች ቀስት ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። አባየም ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መኪናዋን በሁለት ጎን ዞሮ አያት፤ ግን አልነካትም።

ሰኞ ነጋዴው በጠዋት ቅጥቅጥ ተሳፍረው መጡ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ በበትራቸው ጎማዋን መታ መታ አደረጉ። አባየ የሆነውን ሁሉ ሳይደብቅ ነገራቸውና «እስቲ አለም በር ደርሰን እንመለስ» አላቸው። የኔ ትምህርት የከሰዓት ፈረቃ ስለሆነ መሃላቸው ተቀመጥኩ። ሩዙ ከኋላ ተጭኗል። ዳገቱ ጀመረ፤ ቀስቷ ግማሽ ላይ ናት። አባየ ባለፈው ሰኞ የቆመበትን ባሕር ዛፍ አለፍነው፤ ግማሽ ላይ ናት። ማርሽ ቀነሰ፤ ሞተሩ ጮኸ፤ ቀስቷ የፀጉር ያህል ከፍ አለችና ተመለሰች።

አለም በር ስንደርስ አባየ ሞተሩን ሳያጠፋ ወርዶ እጁን ኮፈኗ ላይ አሳረፈ። ነጋዴውም ወርደው አሳረፉ፤ የላም ሆድ የሚዳብሱ ይመስሉ ነበር።

«ጤነኛ ናት» አሉ።

«ጤነኛ ናት» አለ አባየ። ጉሮሮውን ጠረገ። «ጌታው፣ እርስዎ የመጡት ለታመመች መኪና ነው። የተስማማነው በሷ ነበር። እሷ ደግሞ አሁን የለችም።»

ሰውየው እጃቸውን ከኮፈኗ አነሱ። በቃል የመጣን ሰው ባዶ እጁን መመለስ እኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ወደኔ ዞሩ።

«አንች ነሽ ያሳመምሻት?»

«አዎ።»

«ያዳንሻትስ?»

«ጋሼና እኔ ነን። መካኒኩ።»

«በምን አወቅሽ?»

«ጭቃ ስረግጥ።»

ኮፈኗን አንዴ በመዳፋቸው መታ አደረጉ። «ባለቤቱ ተጨንቆ ያዳናትን ላም ነድቼ ሄጄ አላውቅም» አሉ አባየን። «ግን በቅጥቅጡ ተጨናንቄ ነው የመጣሁ። ይፋግ ድረስ በሷ መልሰኝ፤ በዚያው ይብቃን።»

ሩዙን ወረታ አራግፈን፣ ርብን ተሻግረን ይፋግ አደረስናቸው። ትምህርት ቤት አረፈድኩ። ስንመለስ ዓይኔ ቀስቷ ላይ ነበር። ወረታ መግቢያ ላይ፣ በጋም ቢሆን፣ አንዲት ላም መንገዱን ዘግታ ተኝታ ነበር። አባየ ሞተሩን አጠፋ፤ በሩን ከፈተ፤ ተነሳች።

«ቅዳሜ» አለ በሩን እየዘጋ።

«አቤት አባየ።»

«ከጀርባው ጀምሪ።»