ኪራዩን ከፍለህ ምን ትበላለህ?

አጎቴን ሁላችንም አያ እያልን ነበር የምንጠራቸው። አዘዞ ካለው ግቢያቸው ቤት ሊከራይ የሚመጣ ሁሉ የደመወዝ ደብዳቤ ይጠየቃል። አያ መነጽራቸውን አድርገው ደብዳቤውን ሲያነቡ ተከራዩ ይጨነቃል፤ እሳቸው ግን የሚጨነቁት ለእሱ ነበር። «ኪራዩን ከፍለህ ምን ትበላለህ?» ይሉታል።

አንድ ቀን ከሳንጃ የተዛወረ ወጣት መምህር ከነፍሰ ጡር ሚስቱ ጋር መጣ። አያ ደብዳቤውን አነበቡና «ልጄ፣ ይህ ቤት ይከብድሃል» አሉት።

«ሌላም ገቢ አለኝ፣ አያ» አለ ቶሎ ብሎ።

አያ ወደ ሚስቱ ዞሩ። «እውነቱን ነው?»

እሷ መሬት መሬት እያየች «የለውም» አለች።

የሚያባርሯቸው መስሎኝ ደነገጥኩ። እሳቸው ግን «ምነው፣ ማጣት ያሳፍራል?» አሉና እኔን ጠሩኝ። እህል ያስቀመጡባትን ትንሿን የጓሮ ክፍል አብረን አጸዳን፤ ባልና ሚስቱም በሚችሉት ዋጋ ገቡባት። ልጃቸው ክርስትና የተነሳው እዚያው ሆነው ነው።

አያ ካረፉ ወዲህ ቤቱን የማከራየው እኔ ነኝ። የበረንዳው ወንበራቸው ላይ እስካሁን ማንም አልተቀመጠም። ከአርባቸው በኋላ አንዲት ልጅ ሻንጣዋን ይዛ በሩን አንኳኳች።

«ሽማግሌው አሉ? የሰውን አቅም አይተው ያስገባሉ ሲሉ ሰምቼ ነው የመጣሁት።»

«አርፈዋል» አልኳት።

ሻንጣዋን መሬት አስቀምጣ፣ በዓይኗ አይታቸው ለማታውቃቸው አዛውንት አለቀሰች። ከቀብራቸው ወዲህ እንባ እምቢ ያለኝ እኔም፣ በሩን እንደያዝኩ አብሬያት አለቀስኩ።