የንፋስ መውጫ ጎተራ ድመቶች

በጃንሆይ ዘመነ መንግሥት በንፋስ መውጫ የወረዳ ግዛት ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርሁ። ከድመት ጋር ያገናኘኝ ከቢሯችን ጎን የነበረው የአሥራት እህል ጎተራ ነው። እህሉ ወደ ሌላ ስፍራ ሲዛወር፣ አይጥ እንዲጠብቁ የገቡት ድመቶች ባዶ ቤት ውስጥ ቀሩ፤ ተራቡም፣ ተዋለዱም። እማሆይ ወለተ ማርያም የሚባሉ አሮጊት መነኩሲት ከየቤቱ ትራፊ እየለመኑ ይመግቧቸው ነበር።

አንድ ቀን አንዲቱ ድመት መጥታ የወረዳው ገዥ ወንበር ላይ ወለደች። ገዥው ግራዝማች ተቆጡ። «ወይ ሰው ይውሰዳቸው፣ ወይ በመርዝ ይለቁ። እስከ ፋሲካ ታግሻለሁ» አሉ።

እማሆይ ወደ እኔ መጥተው፣ «ልጄ፣ ወሳጅ ፈልግላቸው፤ አንተ አንደበት አለህ፤ እኔን ማን ይሰማኛል?» ሲሉኝ እሺ አልሁ። ሥራው ደመወዝ የሌለው፣ ከቢሮ ሰዓት ውጭ የሚሠራ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን የገበያ ቀን ነበር። ድመቶቹን በቅርጫት፣ ወረቀትና ብዕሬን በእጄ ይዤ ከእህል ተራ ተቀመጥሁ። የወሳጁን ስም መጻፍ ሥርዓት መስሎኝ ነበር።

ጌሾ የሚሸጡ አንዲት ሴት፣ «ስንት ነው?» አሉኝ።

«በነጻ ነው እናቴ። ስምዎንና አጥቢያዎን ብቻ ይንገሩኝ።»

«ኧረ ተወኝ! መንግሥት በነጻ ሰጥቶ ስም ከጻፈማ ለከርሞ የድመት ግብር ሊያመጣብን ነው!»

ተራው በሳቅ ሞላ። አንድም ሰው ሳይወስድ ገበያው ተበተነ።

በሚቀጥለው ገበያ ያለ ብዕር ወጣሁ፤ ሰዉም መውሰድ ጀመረ። አሰጣጡንም ቀስ በቀስ ተማርነው። ድመቷ ተመልሳ እንዳትመጣ መንገዱን ሳታይ በአቁማዳ ትሄዳለች፤ ስትደርስም ከምድጃው አጠገብ ትፈታለች። አይጥ ያስቸገረው ገበሬ ከእስቴና ከስማዳ ሳይቀር ይመጣ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ አዳኝ የነበረችው አንዲት ዳለቻ ድመት ናት። እርስዋን በአቅራቢያው ካለ አንድ ደብር የመጡ ቄሰ ገበዝ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት ካህን፣ ወሰዷት። በዕቃ ቤቱ አይጥ የብራና መጻሕፍቱን ጠርዝ እየቆረጠመ አስቸግሯቸው ነበር።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ ዳለቻዋ የተበጠሰ ገመድ በአንገቷ እየጎተተች፣ አጥንቷ ገጥጦ ተመለሰች። ያገኟት ግራዝማች ናቸው።

«ለካህን የሰጠሃት እንኳ ከተመለሰች፣ የገበሬውማ ሁሉ መንገድ ላይ ነው። ፋሲካን አልጠብቅም፤ መርዙ ይምጣ።»

«ጌታዬ፣ እስከ እሑድ ብቻ ይፍቀዱልኝ። ምክንያቱን አጣርቼ ላቅርብ።»

ፈቀዱ። በማግስቱ ከእማሆይ ጋር ወደ ደብሩ ሄድን።

«አባታችን፣ ድመቷን ማን አሰራት?» አልሁ።

«እኔ ነኝ» አሉ ቄሰ ገበዙ ያለ አንዳች ማመንታት። «በዐቢይ ጾም፣ ከንዋየ ቅድሳቱ አጠገብ ደም ታፍስስ? ሽሮ በእንጀራ ሰጠናት፤ እምቢ አለች።»

«ድመት ትጾማለች እንዴ?»

«በነነዌ እንስሳቱም ጾመዋል!»

እማሆይ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ «የነነዌው ሦስት ቀን ነው አባቴ። ይህችን ሁለት ወር ሊያስጾሟት ነው? እርስዎ እንኳ ከቅዳሴ በኋላ ይቀምሳሉ!» አሉ።

ቄሰ ገበዙ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሳቅ ቀደማቸው። «እንግዲያው ከውስጥ ታድን፣ አይጧን ይዛ ወጥታ ከደጅ ትብላ። እኔ አላየሁም» አሉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እሳቸው ራሳቸው ከግራዝማች ፊት ቀረቡ። «ድመቷ አልከዳችንም፤ ያስራብናት እኛ ነን። ዳለቻዋን መልሱልኝ፤ ለአጎራባቹ ደብርም ሌላ ጨምሩልኝ» አሉ።

ግራዝማች፣ «አባቴ፣ ብዙ ክስ ሰምቻለሁ፤ ድመት በጾም አሰሩ የሚል ግን ዛሬ ገና መጣልኝ» አሉና ሳቁ። ዳለቻዋን እንዲወስዷት ፈቀዱ፤ መርዙንም አቆዩት።

ከዚያ ወዲህ ድመት የሚወስደውን ሁሉ፣ በጾም ወራት ምን እንደሚያበላት አስቀድመን እንጠይቅ ነበር። እንስሳን ለሰው ቤት የሚያስረክብ የቤቱን ልማድ ማወቅ አለበት።

መርዙ አልመጣም። ድመቶቹ እንዳይገደሉ፣ ባዶው ጎተራም ወሳጅ እስኪገኝ ድረስ ማቆያቸው እንዲሆን የወረዳው ገዥ ውሳኔ የተነገረው በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት፣ ሰኞ ዕለት ነው።