ቀን የተለጠፈበት ማር

ጎረቤቴ የትናየት ከአሸተን ማርያም በታች ቀፎ አላት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ማሩን ራሷ ነው የምትቆርጠው። «ንቦቹስ ለመዱኝ፤ ያልለመደኝ ገበያው ነው» እያለች ትስቃለች።

ዘንድሮ ማሯን ለጠጅ ቤት በርካሽ መስጠት መረራትና ከተማ ወዳለ አንድ ሎጅ ይዛ ሄደች። ቀምሰው ወደዱላት። የሎጁ ዕቃ ገዢ መልአኩ ግን አንድ ነገር ጠየቃት።

«የማብቂያ ቀን የሌለበት ዕቃ እንግዳ ፊት አይቀርብም።»

«ማር ደግሞ ምን ሆኖ ያበቃል? ወተት መሰለህ እንዴ ወንድምዓለም?»

«ማሩስ ይቆያል። ክዳኑ ከላላ ግን እርጥበት ይገባና ይቦካል። ቀኑ ‹እስከዚህ ድረስ ኃላፊው እኔ ነኝ› ማለት ነው። የታሸገ ውኃስ ላይ አለ አይደል?»

ነገሩ ገባት። የኅዳሩን ማር በሙሉ በጠርሙስ አሸገች። ለጠጅ ቤቱ ባለቤት ለእትዬ ሙሉሃብት «ዘንድሮ የለኝም» አለቻቸው። ፎቶ ኮፒ ቤት ወረቀት አሳተመች፤ «የማብቂያ ቀን 30/05/2020» ይላል። በእኛው አቆጣጠር ጥር ሠላሳ ነው፤ በማን አቆጣጠር እንደሆነ መጻፍ ለማንም ትዝ አላለውም። ልጄን አዝዬ አብሬያት ለጠፍኩ። እንዴት አምሮ ነበር!

ለገና ሎጁ ሞላ። ቁርስ ላይ አንዲት ፈረንጅ ጠርሙሱን አንስታ ቁጥሩን አየች። በእሷ አቆጣጠር 2020 ካለፈ ቆይቷል። ማንኪያዋን አስቀመጠች፣ ፎቶ አነሳችና ተነሥታ ሄደች። በማግስቱ መልአኩ ካርቶኖቹን በባጃጅ አምጥቶ የትናየት ደጅ አራገፈ።

«ገና ሁለት ዓመት አለው እኮ! አንተ ሐበሻ አይደለህ? ማንበብ አቃተህ?»

«እኔማ አውቃለሁ። ሥራ አስኪያጁም ያውቃል።»

«ታዲያ?»

«‹ለእያንዳንዱ እንግዳ አቆጣጠር እያስተማርን ቁርስ አናበላም› አለ። ሌላ ማር ከአዲስ አበባ አዟል።»

«ወረቀቱን ብቀይረውስ? የፈረንጁንም ልጻፍበት።»

«ቀኑን ቀየረች ይባላል። እሱ ይብሳል፣ እታለም።»

እኔም ለከርሞ ሁለቱን አቆጣጠር ጎን ለጎን አስጽፊ አልኳት። «ለከርሞ?» አለችኝ። ልጆቿ የሚበሉት ዘንድሮ ነው።

ወደ እትዬ ሙሉሃብት ተመለሰች።

«አሁን መጣሽ? የጥምቀቱን ጠጅ ከሙጃ ገበያ በመጣ ማር ጥያለሁ» አሏት። «በአምናው ዋጋ ግማሽ ከሆነ እወስድልሻለሁ። ጠርሙስ ስከፍት ግን አልውልም፤ በባልዲ ገልብጠሽ አምጪው።»

ብርዱ ማሩን አጠጥሮታል፤ ቢገለብጡት አይወርድም። የትናየት ጠርሙሶቹን ፀሐይ ላይ ደርድራ አንድ በአንድ በማንኪያ እየፋቀች ባልዲ ውስጥ ትጨምራለች። በመንገድ የሚያልፈው ሁሉ ቆም ብሎ፣ «ምነው፣ ተበላሸ እንዴ?» ይላታል።

መጀመሪያ መጀመሪያ ታስረዳ ነበር። አሁን ቀና ሳትል፣ «አዎ፣ ተበላሸ» ትላለች።