ባልደረባዬ አግራ ላይ የተሳለመው ደጃፍ

ከእንጅባራ ለሥልጠና ሕንድ የሄድነው እኔና የቢሮ ባልደረባዬ ነበርን። አውሮፕላን ውስጥ ቀበቶ ማሰር ቢያቅተኝ አስተናጋጇ አሰረችልኝ። እሱ ይህችን ይዞ ለሠልጣኙ ሁሉ እኔን እየሆነ ሲያሳይ ሰነበተ። አብሬ ሳቅሁ፤ ቂሜን ግን ቋጠርሁ።

እሑድ ዕለት ታጅ ማሃልን ሊያስጎበኙን አግራ ወሰዱን። አስጎብኚው የንጉሥ ሚስት መቃብር መሆኑን ሲናገር ባልደረባዬ ፎቶ ይነሳ ነበር፤ አልሰማም። ጉልላቱን አየ፣ ጫማ አውልቁ ተባለ፤ በቃ፣ አንገቱ ላይ የነበረውን ፎጣ መስቀለኛ አጣፍቶ ደጃፉን ሦስት ጊዜ ተሳለመ። ልከለክለው እችል ነበር። ስልኬን አወጣሁና ፎቶ አነሳሁት።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ የተሳለመው መቃብር መሆኑ ሲገባው፣ «በማርያም፣ ለማንም እንዳትናገሪ» ብሎ ለመነኝ። ማልሁለት።

አገራችን እንደገባን፣ በማኅበራችን ዝክር ላይ ያንኑ የቀበቶ ወሬ ጀመረ። እስኪጨርስ ጠበቅሁና ስልኬን ለንስሐ አባታችን አቀበልሁ። ፎቶውን አይተው ደስ አላቸው።

«ጎሽ የኔ ልጅ! የማን ደብር ነው?» አሉት።

እኔ ምያለሁ፤ ትንፍሽ አላልሁም። እሱ ይንገራቸው።