ሦስተኛው ጥያቄ

ይህ ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ሚስቴ አታውቀውም። ከኮምቦልቻ ጀምሮ ምስጢር የማልደብቀው ወንድሜም አያውቀውም። ለማላውቀው ሰው መናገር ይቀላል ብዬ ነበር ለአንተ ለአንባቢዬ መጻፍ የጀመርኩት፤ ይኸው ጀመርኩት፣ አልቀለለኝም።

እዚህ ስደት አገር እንጀራዬ ሹፌርነት ነው። ከስኮትዴል አፓርትመንቶች ሠራተኛ ጭኜ ዱሉዝ ካሉት መጋዘኖች አደርሳለሁ፣ ሥራ ሲያልቅ እመልሳለሁ። ከሰፈራችን ወደዚያ የሚሄድ አውቶቡስ ስለሌለ መኪና የሌለው ሁሉ የሚጠብቀው የኔን ቫን ነው። ለዓመታት ልጆቼን ያሳደግኩት በዚህ ነው።

ሌላም ሥራ ነበረኝ፤ ክፍያ የሌለው፣ ግን የምኮራበት። አገር ቤት የቀበሌ ጸሐፊ ስለነበርኩ ምርጫ በመጣ ቁጥር የእድራችን ሰዎች ወረቀቱን አዘጋጅ ይሉኛል። የድምፅ መስጫው ቅጂ አስቀድሞ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል። እሱን በአማርኛ አሳጥሬ በአንድ ገጽ እጽፍና ዲኬተር ላይብረሪ አባዝቼ ከጁምዓ በኋላ አድላለሁ። እንግሊዝኛ የማያነበው ሰው ወረቀቱን አጥፎ ይይዛል፤ የድምፅ መስጫው ማሽን ፊት ሲቆም አውጥቶ ያያል። ለኮንግረስ ከላይ ሁለተኛው፣ ለሸሪፍ የመጀመሪያው፣ ለዚህ ጥያቄ አዎ፣ ለዚያኛው አይ። ስለ ተወዳዳሪዎቹ ተሰብስበን እንከራከራለን፣ ድምፅም ከፍ ይላል። መጨረሻ ላይ የሚመጡት በሕዝብ ድምፅ የሚወሰኑ ጥያቄዎች ግን ረጅምና በሕግ ቋንቋ የተጠቀለሉ ናቸውና «ሰይድ ያውቃል» ተብለው ለኔ ይተዋሉ።

አዎ፣ ሰይድ ያውቃል። ሰይድ በደንብ ያውቅ ነበር።

የዚያን ዓመት ሦስተኛው ጥያቄ እንዲህ የሚል ነበር፦ በሽያጭ ግብር ላይ ጥቂት ተጨምሮ ከሰፈራችን እስከ ዱሉዝ የአውቶቡስ መስመር ይዘርጋ ወይ? ደጋግሜ አነበብኩት። መጀመሪያ የታየችኝ ቫኔ ናት፣ ባዶዋን ቆማ። ሰዎቹ አልታዩኝም። ብዕሬን አነሳሁና ጻፍኩ፦ «ሦስተኛው ጥያቄ፦ ግብር ይጨመር ወይ? አይ።»

አውቶቡስ የሚለውን ቃል ተውኩት። ውሸት አልጻፍኩም እያልኩ ራሴን ስንት ጊዜ አባበልኩ? ግብር ይጨምራል ወይ? ይጨምራል። ታዲያ ምን አጠፋሁ? ግማሹን እውነት ጽፌ ግማሹን መዋጥ ከውሸት በምን ይሻላል? ሰዎቹ ለጅብ ሥጋ አደራ ሰጥተው ነበር፤ ጅቡም ጅብነቱን አልረሳም።

በዚያ ብቻ ቢያበቃ ዛሬ ይህን ባልጻፍኩም ነበር። ግን እትዬ ዘይነባ አሉ። እትዬ ዘይነባ የደሴ ሰው ናቸው፣ ስድሳን አልፈዋል፣ ከመጋዘኖቹ በአንዱ ልብስ ያሽጉ ነበር። ቫኔ ውስጥ ከጎኔ ያለው ወንበር የሳቸው ነበር፤ ሌላ ሰው ከተቀመጠበት ቆመው ያዩታል፣ ይነሳል። ሲትዝን ከሆኑ ገና ዓመት አልሞላቸውም ነበርና በሕይወታቸው የመጀመሪያውን ድምፅ ሊሰጡ ነው። ሥራቸው ቀድሞ ባለቀ ቀን እኔ እስክመጣ ድረስ ሦስት ሰዓት ያህል መጋዘኑ በር ላይ ይቀመጣሉ። ስለ አውቶቡሱ አንዲት የሥራ ባልደረባቸው ነግራቸው ኖሮ፣ ወረቀቱን ባደልኩ በሳምንቱ እየነዳሁ ሳለ ጠየቁኝ።

«ሰይድ፣ ባሱን ቮት የምናደርገው የትኛው ላይ ነው? ወረቀትህ ላይ ባየው ባየው አጣሁት።»

«ባሱ ዘንድሮ አልገባም፣ እትዬ።»

«እንዲያ ነው? እኔማ የጓጓሁት ለሱ ነበር። በቃ፣ ለሚመጣው ያድርሰን።»

ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። እኔ መስመሬን ሳልስት ነዳሁ። ሐፍረት እንኳ አልተሰማኝም፤ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ይህን ሳልደብቅ መናገር አለብኝ፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ደግሞ፣ አስቀድሞ ድምፅ በሚሰጥበት ቀን፣ አዛውንቶቹን በነፃ ወደ ምርጫ ጣቢያው ወሰድኳቸው። ለአላህ ብዬ ነው አልኩ። ሁሉም መረቁኝ። እትዬ ዘይነባ «ድምፅ ሰጠሁ» የምትለዋን ተለጣፊ ሻርፓቸው ላይ ለጥፈው ወጡ፤ ፊታቸው የሙሽራ ፊት መስሎ ነበር። ከሁሉ አስረዝመው የመረቁኝም እሳቸው ናቸው። አሜን አልኩ። ምን ዓይነት አፍ ነው አሜን ያለው?

ውጤቱ ሲወጣ የኮንግረስ ወረዳችን እኛ የፈለግነውን ሰው መርጦ ነበርና በእድሩ አዳራሽ ደስታ ሆነ። የእትዬ ዘይነባ ልጅ ራህማ፣ ኮሌጅ የምትማረው፣ ስልኳ ላይ የየምርጫ ጣቢያውን ውጤት እያየች ነበር። ጣቢያችን ለኮንግረስም ለሸሪፍም እንዴት እንደመረጠ አነበበችልን። ከዚያ ቀና አለች።

«ዌይት፣ ይሄ አይገባኝም። አጠገባችን ያሉት በሙሉ ለባሱ የስ ብለዋል። የኛ ጣቢያ ብቻ ነው ኖ ያለው። ላይክ፣ ባስ የሌለን እኮ እኛ ነን።»

ሰው ግብር ይፈራል አልኩ ፈጠን ብዬ። እትዬ ዘይነባ ባሱ እኮ ዘንድሮ አልገባም ብለው ለልጃቸው ሊያስረዱ ጀመሩ። ራህማ ገብቶ ነበር ብላ ስልኩን አሳየቻቸው። እትዬ ዘይነባ ስልኩን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ለልጃቸው «እኔ ነኝ በደንብ ያልሰማሁት» አሏት። በሰው ፊት ሸፈኑኝ። የዋሸኋቸውን ሴት ሽፋን ለብሼ ሳምቡሳዬን በላሁ።

ጥያቄው በጠቅላላው ወድቋል፤ የኛ ጣቢያ ድምፅ ተገልብጦ ቢሆን እንኳ ይወድቅ ነበር። ይህን ሒሳብ ስንት ጊዜ ሠራሁት! ያለኔም ይወድቅ ነበር ብዬ ልተኛ? የወደቀው በሰው ፈቃድ ነው፤ የሳቸው ድምፅ ግን የሳቸው ፈቃድ አልነበረበትም። ስድሳ ዓመት ጠብቀው ያገኙትን የመጀመሪያ ድምፅ እኔ ሰጠሁት። እኔ ዋሸሁ። እኔ አደራ በላሁ።

በዓመቱ መጋዘኑ የእትዬ ዘይነባን ፈረቃ ለወጠባቸው። አዲሱ ሰዓት ከቫኔ ጋር አይገጥምም። ለአንድ ሰው ብዬ መመላለስ አልችልም ስላቸው «እውነትህን ነው» ብለው ሥራውን ለቀቁ። አሁን በእግር በሚደርሱበት ቦታ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ቢሮ ያጸዳሉ። አንዳንድ ጠዋት የእግረኛ መንገድ በሌለበት ሣር ላይ፣ በጥግ በጥግ ሲሄዱ አያቸዋለሁ። መኪናዬን አውቀው እጃቸውን ያነሳሉ። እኔም አነሳለሁ፣ አልፋለሁ።

ዘንድሮ ጥያቄው ተመልሶ መጥቷል። የእድሩ ሊቀመንበር እንደ ወትሮው ወረቀቱን አዘጋጅ ብለው ደወሉልኝ። እሺ አልኩ፤ ቁጭ ብዬ ግን ከሱ በፊት ይህን ጻፍኩ። ወረቀቱን ራህማ ትጻፈው፤ እኔ ከእንግዲህ እጄን አላስገባም። ይህን ደግሞ ነገ ከጁምዓ በፊት እትዬ ዘይነባ ቤት ይዤ እሄዳለሁ።

እትዬ፣ አፉ ይበሉኝ ብዬ ልጀምር ነበር። ሰረዝኩት። የራሱን ሐቅ አላህ ይምረኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ የሰውን ሐቅ ግን ባለቤቱ ካልተወ እሱም አይተወውም ሲባል አድጌያለሁ። ያን ቀን የሰሙት ትክክል ነበር፤ ባሱ ገብቶ ነበር፣ እኔም አውቅ ነበር። ቫኔ ባዶዋን እንዳትቀር ብዬ ነው የዋሸሁዎት፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። እስከ ዛሬ የሸፈኑኝ ሳያውቁ ከሆነ አሁን ይወቁት። አውቀው ከሆነም፣ ከእንግዲህ አይሸፍኑኝ።