ሸክላው እስኪገለበጥ

ሙዚቃን ያስተማረኝ ሰው የለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለጉራ ሳይሆን፣ በኋላ ድሬዳዋ ውስጥ «እኔ አስተማርኩት» የሚል ሰው ስለበዛ ነው። ቀን ቀን በባቡሩ መጠገኛ ቶርኖ ላይ ብረት እቆርጣለሁ። ፈረንሳይኛውንም እዚያው ከሹሞቹ አፍ ለቅሜ፣ ተማሪ ቤት ከጨረሰው ብዙ ሰው በተሻለ እናገር ነበር። ቫዮሊኑን የገዛሁት ጣሊያን ከወጣ በኋላ ዕቃውን ሸጦ ወደ አገሩ ሊሄድ ከተሰናዳ አንድ ጣሊያናዊ አናጢ ነው። ግራሞፎኑንና አንድ ሲምፎኒ የተቀዳባቸውን ሸክላዎች መረቀልኝ። ለቫዮሊኑ ደጋን የሚቀባውን ሙጫ ሌላው ሰው ከጅቡቲ ሲያስመጣ፣ እኔ ቀፊራ ገበያ ወርጄ ከእጣን ሻጮች ደረቁን መርጬ አሸሁበት። ድምፁ ከነሱ በለጠ።

ሲምፎኒ ረጅም ነው፤ በአንድ ሸክላ አያልቅም። በዘገምተኛው ክፍል መካከል፣ ዜማው ወደ ላይ ወጥቶ ወጥቶ ሊያለቅስ ሲል ሸክላው ያልቃል። ተነሥቼ እገለብጠዋለሁ፣ መርፌ እቀይራለሁ፣ የግራሞፎኑን ሞላ አዙሬ አጠነክራለሁ። ከዚያ ዜማው ይቀጥላል። ሌላ ሰው ቢሆን ሸክላው ቦታ ስለጨረሰ ነው ብሎ ያልፈው ነበር። እኔ ግን አሰብኩበት። ሸክላ የሚሠራ ሰው ሞኝ አይደለም፤ ደራሲው ራሱ ያቆመበት ቦታ ባይሆን ኖሮ እዚያ ላይ አይቆርጠውም። ከዝምታው በኋላ ደግሞ ዜማው ፈጠንና ጠንከር ብሎ ይመጣል። ይህን ሳገናዝብ የሰውዬው ሕይወት ተገለጠልኝ። እየጻፈ ሳለ ሚስቱ ሞተችበት። ብዕሩን አስቀመጠ፣ ቀበራት፣ ራሱን አጽናንቶ ተመለሰና ጨረሰው።

ይህን ታሪክ መጋላ ሰፈር በተከራየሁት ቤት በየበርጫው እናገር ነበር። ጫታቸውን ይዘው የሚመጡት ጎረቤቶቼ ሸክላው ሲያልቅ ቅጠላቸውን አስቀምጠው አንገታቸውን ይደፋሉ። ያልደፋው አንድ ሶማሌ ጋሪ ነጂ ወዳጄ ብቻ ነው።

«ዋሪያ፣ ይቺ ሴትዮ ስንቴ ነው የምትሞተው?» አለኝ አንድ ቀን። «በየቅዳሜው ቀብር ሰለቸን አቦ።»

ቀኑን ሙሉ ከፈረስ ጋር የሚውል ሰው ነውና ይቅርታ አደረግሁለት።

በዚያ ሰሞን ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ ከዚራ ሰፈር ባለው የባቡር ሠራተኞች ክበብ ኦርኬስትራ ውስጥ አንድ የሁለተኛ ቫዮሊን ወንበር ባዶ ሆነ። ባለ ወንበሩ ወደ ጅቡቲ ተዛውሮ ነበር። ኦርኬስትራው የፈረንሳይ ሒሳብ ሹሞችና የግሪክ ነጋዴዎች የተሰባሰቡበት ነው። እንደኔ ያለ የመጠገኛ ሠራተኛ በክበቡ የፊት በር የሚገባው መብራት ሲበላሽ ብቻ ነበር። ወንበሩን ፈለግሁት። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ አንድን ነገር እንዲያ አጥብቄ የፈለግሁበት ጊዜ የለም። ለክበቡ ዓመታዊ በዓል ሊጫወቱ የመረጡት ደግሞ የኔኑ ሲምፎኒ ዘገምተኛ ክፍል ሆኖ ተገኘ።

የኦርኬስትራው መሪ እዚሁ ድሬ የተወለደ ግሪክ ሰዓት ሠሪ ነው። ቫዮሊኔን ይዤ ሱቁ ሄድኩ። ሊስቅ ተዘጋጅቶ የነበረው ፊቱ እየተጫወትኩ ስሄድ ተሰበሰበ። ያቺ ቦታ ስትደርስ ደጋኔን አወረድኩ፤ ጠበቅሁ፤ ቀጠልኩ።

«እዚህ ጋ ምን ነካህ?» አለኝ።

«ሚስቱ የሞተችበት ነው ሙሴ» አልኩት፤ ፈረንጁን ሁሉ ሙሴ ነበር የምንለው።

«የማን ሚስት?»

«የደራሲው።»

«ይህ ሰው ሚስት አግብቶ አያውቅም።»

«እንግዲያው እናቱ ትሆናለች» አልኩት።

ዓይኑ ላይ የሰካትን ማጉያ መስታወት አውልቆ ብዙ አየኝ። ከግራሞፎን የተማርኩ መሆኔን ጠየቀኝና፣ ዝምታው የሸክላው እንጂ የደራሲው እንዳልሆነ፣ ጥንካሬውም ሞላውን ሳዞር የመጣ እንደሆነ አስረዳኝ። አልተከራከርኩትም። ሰዓት ሠሪ ዝምታ አይወድም፤ የቆመ ነገር ሁሉ የተበላሸ ይመስለዋል።

ግን ሌላ ሰው አልነበረውም። «ወንበሩን ውሰድ» አለኝ። «በበዓሉ ቀን እዚያ ቦታ ላይ ብትቆም ግን ቫዮሊንህን ይዘህ በዚያው ትወጣለህ። ሁለተኛ ክበቡን አትረግጥም።»

በልምምድ ጊዜ ያቺ ቦታ ስትቀርብ በመምሪያ ዱላው ጫፍ ትከሻዬን ይወጋኝ ነበር። እየተወጋሁም አልፋት ጀመር። ለሌሎቹ ግን አስፈላጊ ሰው ሆንኩ። ኖታቸው ላይ ተደፍተው መንገዱ ሲጠፋቸው፣ ሁሉን በቃሉ የሚያውቀውን የኔን ክንድ ቀና ብለው ያያሉ።

በበዓሉ ዕለት አዳራሹ በሙቀት ስላልተቻለ የክበቡ አትክልት ቦታ ውስጥ ተቀመጥን። የባቡሩ ዋና ሹምና ሚስቱ ከፊት ናቸው፤ የኔ ጎረቤቶች ከአጥር ውጭ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከደቻቱ አሸዋ ላይ የሚነሣውን ንፋስ የድሬ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ወረቀቱን ማሰር ግን ማንም አላሰበም። ዘገምተኛው ክፍል ገና ከመጀመሩ ኖታው እንደ እርግብ መንጋ ተነሣ። ቼሎ የሚጫወተው ዳቦ ጋጋሪ አንዱን ወረቀት በጫማው ረግጦ አስቀረ፤ የሌላ ሰው ኖታ ሆኖ ተገኘ። ያን ጊዜ ሁሉም እኔን አዩ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መሪው ዱላውን ያወዛውዝ እንጂ፣ ኦርኬስትራውን የመራሁት እኔ ነኝ።

ቦታዋ ደረሰች። መሪው ዓይኑን አፍጥጦ፣ አይሆንም እያለ ራሱን ይነቀንቃል። ብቆም ወንበሩን እንደማጣ አውቃለሁ። ረሳ የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አልረሳሁም። ክንዴ ግን ለዓመታት ያመነውን በሁለት ወር ውጊያ የሚክድ ክንድ አልነበረም። ደጋኔን አወረድኩ። ሁሉም አወረዱ።

የመሪው ዱላ አየር ላይ ቀረ። እኔ በልቤ ሸክላውን ገለበጥኩ፣ መርፌውን ቀየርኩ፣ ሞላውን እስከ መጨረሻው አዞርኩ። ከአጥሩ ውጭ አንድ ሰው ሲናፈጥ ተሰማ። ጋሪ ነጂው ነበር፤ በኋላ ስጠይቀው አቧራ ነው አለኝ። ደጋኔን አነሣሁ፤ ሁሉም ተከተሉኝ፤ ፈጠንና ጠንከር ብለን ጨረስነው።

እንግዲህ መባረሬ ነው ብዬ ቫዮሊኔን ሳጥኑ ውስጥ እያስገባሁ ሳለ፣ የዋናው ሹም ሚስት መሪው ዘንድ መጣች። ያን ክፍል አገሯ ሳለች ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች፤ እዚያ ላይ ዝም ለማሰኘት የደፈረ መሪ ግን አይታ አታውቅም። ይህን በፈረንሳይኛ ነገረችው። ሰውዬው ላቡን ጠረገ። እጇን ሳመ። ከዚያ፣ ለዚያች ዝምታ ብቻ ሁለት ወር ሙሉ እንዳለማመደን በዚያው በፈረንሳይኛ ነገራት።

እሷ ስትሄድ ዞር አለና ከኋላው ቆሜ አገኘኝ።

«ያልኳትን ሰማህ?» አለኝ።

ልምምዱን ሁሉ በፈረንሳይኛ ሲያዘኝ የከረመ ሰው ነው።

«ፈረንሳይኛ አልሰማም ሙሴ» አልኩት።

ዱላውን ከብብቱ ሥር አስገባ። «ሰኞ ልምምድ አለ» አለኝ። «እንዳትዘገይ።»

ሰኞ ስሄድ በየኖታው ላይ ያቺ ቦታ በእርሳስ ምልክት ተደርጎባት አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ ዝምታዋ በመሪው ዱላ ትታዘዝ ጀመር፤ በኔ ግምት ከሚገባት በጣም ታጥራለች። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። በዚያ ወንበር ላይ በተቀመጥኩባቸው ዓመታት ሁሉ፣ እሱ ባለበት ፈረንሳይኛ ሰምቼ አላውቅም።