እስከ እሑድ የተሞላው ቅጽ

ኮስታራዋ ይሏታል። በምግብ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው የለም፤ የቤቱ ባለቤት የሆነው ታናሽ ወንድሟ እንኳ «እታለም» ነው የሚላት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ማድቤት ቆማ ስትሠራ፣ ከእጇ በልቶ ሆዱን ያመመው ሰው የለም። ሌላ የምትኮራበት ነገር የላትም። በዚህ ግን ትኮራለች፤ ማንም እንዲነካባትም አትፈልግም።

የማቀዝቀዣው በር ላይ ቅጽ ተለጥፏል። ጠዋትና ማታ የሙቀቱ ልክ እየተነበበ ይጻፍበታል፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። ወንድምየው ግን ብልጥ ነኝ ባይ ነውና ሰኞ ጠዋት ቁጭ ብሎ የሳምንቱን በአንድ ትንፋሽ ይሞላዋል። አራት፣ አራት፣ አራት፣ እስከ እሑድ ማታ። ስትቆጣው ይስቃል።

ረቡዕ ጠዋት ማቀዝቀዣውን ስትከፍት የወትሮው ብርድ ፊቷን አልነካውም። ከአምስት ዲግሪ ማለፍ የማይገባው ቴርሞሜትር አሥራ አራት ይላል። ለስልሳ የአፀደ ሕፃናት ልጆች ምሳ የታዘዘው ዶሮ ከትናንት ጀምሮ እዚያው ውስጥ ነው። ወንድሟን ልትጠራ ዞር ስትል፣ እሱ ራሱ የጤና ተቆጣጣሪውን አስከትሎ ገባ።

ተቆጣጣሪው ክራባቱን አሳምሮ አስሯል። ወለሉን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ ቅጹን አየ። ረቡዕ ጠዋት ቆሞ የእሑድ ማታን ሙቀት አነበበ፤ ምንም አልመሰለውም።

«መዝገብ አያያዛችሁ ደስ ይላል» አለና ፈረመ።

«ጌታዬ፣ እስቲ በሩን ይክፈቱት» አለች ኮስታራዋ።

«እታለም ቀልድ ትወዳለች» አለ ወንድሟ፤ ሰውየውን በትከሻው አቅፎ ይዞት ወጣ።

ደሟ ፈላ። ዓይን እያለው በማያየው በዚያ ክራባታም ተናደደች፣ በወንድሟ ተናደደች፣ ከሁሉም በላይ በራሷ ተናደደች። ስንት ሰኞ ተቆጥታ ተቆጥታ ወደ ድስቷ ተመልሳለች?

ወንድሟ ሰውየው የፈረመለትን የምስክር ወረቀት እያውለበለበ ተመለሰ።

«ማቀዝቀዣው አሥራ አራት ገብቷል፤ ዶሮው ይጣላል» አለችው።

«ቅዝቃዜው ትንሽ ቢጎድል ነው እኮ። በደንብ ጥበሺው፣ እሳት የማይገድለው ነገር የለም።»

«የሚበሉት ሕፃናት ናቸው።»

«በሞቴ እታለም፣ ዛሬ አታዋርጂኝ።»

«ይጣላል አልኩህ።»

ፊቱ ተለወጠ። «ባለቤቱ እኔ ነኝ፤ አንቺ አብሳይ ነሽ። ጥበሺ ስትባዪ ጥበሺ።»

ትሪዎቹን አንድ በአንድ አውጥታ ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ገለበጠቻቸው። ከመደርደሪያው በረኪና አነሳችና ጠርሙሱ ባዶ እስኪሆን ድረስ ዶሮው ላይ አፈሰሰችው። ሽታው ማድቤቱን ሞላው።

«አብደሻል» አለ ወንድሟ፣ አፍንጫውን ይዞ።

«በል አሁን አንተ ጥበሰው። ለትምህርት ቤቱም ደውል፤ የዛሬ ምሳቸው እንቁላል ነው በላቸው።»

እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ መዥረጥ አድርጋ ወደ ማቀዝቀዣው ሄደች። ከረቡዕ እስከ እሑድ ያሉትን አራቶች ሁሉ ሰረዘች። በረቡዕ ጠዋት ቦታ ላይ አሥራ አራት ብላ ጻፈች፤ ከጎኑም ማንም የማይጠራትን ሙሉ ስሟን ከነአባቷ አሰፈረችበት።